ኃይል፣ ሥልጣንና መቻል



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ የእንግሊዞች ነው፤ ሆኖም በዚህ በሱዳን በቁረይሻ ገበያም ሆነ ከጠረፉ ማዶ በመተማ ዮሐንስ ከትራክተር ነጂው፣ ከመካኒኩና ከተማሪው አፍ የማይጠፋ ስለ ሆነ እንደ እንግዳ ላስተዋውቃችሁ አያሻም፤ «ፓወር» የሚባለው ነው። ትራክተሩ በክረምቱ ጥቁር ጭቃ ተይዞ ጎማው በከንቱ ሲዞር ፓወር አነሰው ይባላል፤ የእጅ ስልክ ሲጠፋ ፓወር የለውም ይባላል፤ ስለ ታላላቅ መንግሥታት ሲወራም ያው ቃል ይነሣል። ይህን ያህል ብዙ ነገር የተሸከመ ቃል ከወዴት እንደ መጣና በመነሻው ምን ማለት እንደ ነበረ መርምሮ ማወቅ የቋንቋ ሊቅ ላልሆነ ሰውም የሚጠቅም ትምህርት ነው፤ ለእኛ ደግሞ፣ አማርኛ እየተናገርን፣ ዓረብኛ እየሰማን፣ ልጆቻችንን እንግሊዝኛ እያስተማርን በሦስት ልሳን መካከል ለምንኖር ሰዎች፣ ጥቅሙ ዕጥፍ ይሆናል።

«ፓወር» በትውልዱ እንግሊዛዊ አይደለም። የሮማውያን ልሳን በሆነው በላቲን «ፖሴ» የሚል ግስ ነበረ፤ ትርጓሜውም መቻል ማለት ነው። ይህ ግስ ራሱ ከሁለት ቃላት የተጋጠመ ሲሆን፣ የፊተኛው «ፖቲስ» ጌታ፣ ባለቤት፣ ማድረግ የሚችል ማለት ነው፤ የኋለኛው «ኤሴ» መሆን ማለት ነው፤ ስለዚህ የጥንቱ ሮማዊ «እችላለሁ» ሲል በቃሉ ውስጥ «የነገሩ ጌታ ነኝ» የሚል ምሥጢር ነበረበት። የዚያው ሥር ዘመዶች በሩቅ አገርም ይገኛሉ፤ በሕንዶች ጥንታዊ ልሳን በሳንስክሪት «ፓቲ» ጌታም ባልም ማለት ነው፤ በግሪክም የቤቱ ጌታ «ዴስፖቴስ» ይባል ነበር፤ ዛሬ አውሮፓውያን ሕግ የማያግደውን ገዥ የሚጠሩበት ስም የወጣው ከዚህ ነው። በኋለኛው ዘመን ሕዝቡ ግሱን ለአፉ እንዲቀልለው አድርጎ «ፖቴሬ» አለው፤ ፈረንሳዮች ከዚያ ወርሰው እስከ ዛሬ «ፑቯር» ይሉታል፤ በእነርሱም ዘንድ ቃሉ ግስም ስምም ሆኖ መቻልንም ሥልጣንንም ያመለክታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ድል ባደረገ ጊዜ በቤተ መንግሥቱ የሚነገረው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ቃሉም ከድል አድራጊዎቹ ጋር ገብቶ በ1300 ገደማ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ተተክሎ ተገኘ።

እንግሊዞች ከዚያ በፊት የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ «ማይት» ይባላል፤ ጀርመኖች «ማኽት» ከሚሉት ጋር አንድ ትውልድ ነው፤ የእርሱም መነሻ መቻል የሚል ግስ ነው። እንግዲህ ድል አድራጊውም ድል የሆነውም ሕዝብ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ ኃይልን የሰየመው ከመቻል ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ በኋላም እመለስበታለሁ።

ቃሉ እንግሊዝ አገር ከገባ በኋላ ግን የሚሸፍነው ነገር እየሰፋ ሄደ። የንጉሡን ሥልጣን፣ የሠራዊቱን ብርታት፣ የአካልን ጉልበት፣ ሕግ ለወኪል የሚሰጠውን ፈቃድ፣ የአእምሮን ችሎታ ሁሉ ጠቀለለ፤ የሒሳብ ሊቃውንትም አንድ ቁጥር በራሱ ደጋግሞ ሲባዛ የሚገኘውን በዚሁ ስም ጠሩት። ጄምስ ዋት በ18ኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት ሞተሩን ለማዕድንና ለወፍጮ ባለቤቶች ሲያቀርብ፣ ገዢዎቹ የሚያውቁት የፈረስን ሥራ ስለ ነበር፣ አንድ ፈረስ በአንድ ደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ከፍ ያደርጋል ብሎ ልክ አወጣለት፤ ያም ልክ በኋላ በእርሱ በራሱ ስም በተሰየመው መለኪያ ሲቆጠር 746 ዋት ያህል ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ሲተረጉሙ «የፈረስ ጉልበት» አሉት፤ ትርጉሙ እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ጉልበት የሥጋና የጅማት ነውና፣ እንዲያውም የአንድ የአካል ክፍል ስም ነውና፣ ፈረስ ያለው በእውነት ይህ ነው። የሽቦውን ግን ጉልበት አላሉትም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል አሉት፤ ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚያሻግረው ይህንኑ ኃይል ነው። ፈረንጅ በአንድ ቃል የጠራቸውን ሁለት ነገሮች አማርኛ ማንም ሳያዝዘው ለየብቻ ሰየማቸው።

ይህ መለያየት በድንገት የመጣ አይደለም፤ ሥሩ በግእዝና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 9 መጀመሪያ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ሁለት ነገር እንደ ሰጣቸው ተጽፏል፤ ግሪኩ አንዱን «ዲናሚስ» ሌላውን «ኤክሱሲያ» ይላቸዋል፤ አማርኛው ኃይልና ሥልጣን ብሎ ተርጉሟቸዋል። የፊተኛው ተአምራቱ የሚደረግበት ብርታት ነው፤ የኋለኛው በአጋንንት ላይ ለማዘዝ የተሰጠ መብት ነው። በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቦታ ሁለቱን ለይቶ ሳለ፣ በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ላይ በሰማይና በምድር የተሰጠውን ሲናገር፣ ግሪኩ ሥልጣን የሚለውን «ፓወር» ብሎ አለፈው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ ሹማምንት በጻፈው በ13ኛው ምዕራፍም ይኸው ትርጉም እንዲሁ አደረገ። የአማርኛው ትርጉም ግን በማቴዎስም ሥልጣን ያለውን አጽንቶ ይዟል። ይህን ስናገር የእንግሊዞቹን ተርጓሚዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ ሊቃውንት ነበሩ፤ ነገር ግን ሁሉን የሚሸፍን ቃል በእጅ ሲኖር ልዩነቱ እንዴት በቀላሉ እንደሚሰወር ያሳያል።

የእኛ መምህራን የሥነ ፍጥረትን ነገር ሲያስተምሩ የመላእክቱን ነገድ በሦስት ሰማያት ደልድለው ይቈጥራሉ፤ በኢዮር ካሉት አንዱ ነገድ ኃይላት ይባላል፤ በራማ ካሉት አንዱ ሥልጣናት ይባላል። ነገዱም ሌላ፣ ከተማውም ሌላ፣ አለቃውም ሌላ ነው። ይህን በልጅነቱ በቃሉ የተማረ የቆሎ ተማሪ፣ በኋላ ዳኛ ቢሆን ጸሐፊ ቢሆን፣ ኃይል ያለው ሁሉ ሥልጣን አለው ብሎ ለማሰብ ይከብደው ነበር።

ኃይል የሚለው ቃል ጥንታዊ የሴም ልሳን ነው። በዕብራይስጥ «ሐይል» ብርታትም ሠራዊትም ማለት ነው፤ በግእዝም ሁለቱም ትርጓሜዎች አሉት። በአማርኛ ዕለታዊ አነጋገር ጠባዩ ጠንከር ብሏል፤ ኃይለኛ ሰው ስንል ማመስገናችንም መፍራታችንም በአንድነት ይሰማል፤ ኃይለ ቃል በመምህሩ አፍ የስብከቱ መነሻ የሆነ የመጽሐፍ ንባብ ሲሆን በጎረቤት አፍ የቍጣ ንግግር ነው።

የሥልጣን ትውልድ ይበልጥ ይረዝማል። በአራማይስጥ «ሾልጣን» ይባላል፤ በትንቢተ ዳንኤል በ7ኛው ምዕራፍ ለሰው ልጅ ስለ ተሰጠው ግዛት በተነገረው ክፍል የሚገኘው ይኸው ቃል ነው። ከአራማይስጥ አንደኛው ጅረት ወደ ግእዝ ገብቶ ሥልጣን ሆነ፤ ሁለተኛው ወደ ዓረብኛ ገብቶ ሱልጣን ሆነ። በቁርኣን ውስጥ ሱልጣን ማለት ገናና ማስረጃ፣ ከላይ የተሰጠ መብት ማለት እንጂ የሰው ማዕርግ አልነበረም፤ በ11ኛው መቶ ዓመት ግን በቱርኮቹ በሰልጁቆች ዘመን የገዥው ስም ሆኖ ጸና። ከዚያ ወዲህ በዓረቦቹና በቱርኮቹ አገር ሥልጣን በእግሩ የሚሄድ፣ የሚበላና የሚተኛ ሰው ሆነ፤ እኛ በቆምንበት በዚህ ምድር ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1504 አማራ ዱንቃስ የመሠረተው፣ ግብጾች በ1821 እስኪያፈርሱት ድረስ የቆየው የስናር መንግሥት ገዥዎች በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በግእዝና በአማርኛ ግን ቃሉ ከሰውዬው ተለይቶ ቀረ፤ ሰውዬው ባለ ሥልጣን ነው፣ ሥልጣን የእርሱ አካል አይደለም፤ ይሾምበታል፣ ይሻርበታልም። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ይህን መለየት አያጡትም፤ ብርታቱን «ቁዋ»፣ በአገሩ አፍ «ጉዋ» ይሉታል፤ የመንግሥቱን «ሱልጣ»፣ መቻልን «ቁድራ» ይሉታል። እንዲያውም ሦስቱን በመለየት እኛና እነርሱ አንድ ነን።

አማርኛ ከዚህ ሥር ሌላ ፍሬ አፍርቷል፤ ዓረብኛ የሌለውን። ሠለጠነ እንላለን፤ ወታደር ሠለጠነ፣ ሕዝብ ሠለጠነ፤ ከዚህም ሥልጠናና ሥልጣኔ ወጡ። ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ጃፓን እንደምን ሠለጠነች ብለው መጽሐፍ ባወጡ ጊዜ አንባቢው ሁሉ ነገሩ ስለ ዕውቀትና ስለ ሥርዓት እንደ ሆነ ተረዳ። ማዘዝ የሚገባው በመጀመሪያ ራሱን ያዘዘና የተገራ እንደ ሆነ በዚህ የቃላት ቤተሰብ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል።

አሁን ከመጻሕፍቱ ወደ ምድሪቱ እንምጣ፤ ይህ የጠረፍ ቆላ በኃይልና በሥልጣን መካከል ያለውን ልዩነት በደም ያስተማረ ቦታ ነውና።

የቋራው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ምሽግ ውስጥ የነበረውን የግብጽ ጦር ገጠሙ። የወታደሮቻቸው ጀግንነት የሚጠረጠር አልነበረም፤ ነገር ግን ከምሽጉ ኋላ ሥርዓት ይዞ በትእዛዝ የሚተኩስ ወታደርና መድፍ ነበረ፤ የካሣ ሰዎች በብዛት ወደቁ። ካሣ ከዚያ ቀን ያገኙት ትምህርት ዕድሜ ልካቸውን አልተለያቸውም፤ ኃይል ሳይሠለጥን ብቻውን እንደማይበቃ ዐወቁ፤ በኋላ ሠራዊታቸውን ለማሠልጠን የደከሙትና በጋፋት የአውሮፓ ሠራተኞችን አስቀምጠው መድፍ እስከ ማስቀለጥ የደረሱት ስለዚህ ነው። ደግሞም የየጁን መሳፍንትና የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው የሰሜኑ አገር በእጃቸው በገባ ጊዜ ኃይላቸው ታላቅ ነበረ፤ ሆኖም በዚያ አልበቃቸውም፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ከአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀብለው ቴዎድሮስ ተባሉ። ድል ያደረገ ሰው ለምን መቀባት አስፈለገው ቢባል፣ ኃይል ይዞት የነበረውን ነገር ወደ ሥልጣን የሚያሻግረው ሌላ መንገድ ስላልነበረ ነው።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ ግን የመተማው ነገር ያስተምራል፤ በእርሱ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ። የሱዳን መሐዲስቶች ሠራዊት በአቡ አንጃ መሪነት በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥሎ ስለ ነበር፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በማግሥቱ ዓመት እጅግ ብዙ ጦር አስከትለው ወደዚህ ወረዱ። አቡ አንጃ ሞቶ በቦታው ዘኪ ጡማል ተተክቶ ነበር፤ እርሱም ሠራዊቱን በእሾህና በዐፈር በታጠረ ዘሪባ ውስጥ አስገብቶ ጠበቃቸው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጊያው ተጀመረ። የኢትዮጵያ ጦር በአንድ ወገን አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ድሉ የቀረበ መሰለ። በዚህ መካከል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈሰሉ፤ ወሬውም ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው ተላለፈ። ልብ አድርጉ፤ በዚያች ሰዓት ከጦሩ ብርታት ምንም አልጐደለም፤ ጠመንጃው በእጁ ነው፣ ፈረሱ ከሥሩ ነው፣ ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ጠላቱም በመዳከም ላይ ነበረ። የጎደለው ያ ሁሉ ብርታት የሚታዘዝለት አንድ ቃል ነው፤ ጦሩም ድል ሊያደርግ የቀረበውን ውጊያ ትቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ራስ መንገሻን ልጄና ወራሼ ነው ብለው አስታወቁ፤ ሥልጣኑ በሜዳ ላይ እንዳይቀር ነበር። ግን መኳንንቱ ሁሉ አልተቀበሉትም፤ ዘውዱም ወደ ሸዋው ምኒልክ ሄደ። መሐዲስቶቹ የሚያፈገፍገውን ጦር አትባራ ወንዝ አጠገብ ደርሰውበት የንጉሡን አስከሬን ማረኩ። መተማ ዮሐንስ የሚለው ስም የዚህ መታሰቢያ ነው።

ከኀምሳ ዓመት ያህል በኋላ ከዚህ ጠረፍ ላይ የተገላቢጦሹ ታየ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ስማቸው ራሱ የሥላሴ ኃይል የሚል፣ ከስደት መጥተው በካርቱም ከቆዩ በኋላ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኡም ኢድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። አብሯቸው የተሻገረው የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር በጎጃም ከነበረው የጣሊያን ጦር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበረ። ነገር ግን አምስት ዓመት ሙሉ በዱር የተዋጉት አርበኞች ኃይሉን ይዘው ቆይተው ነበር፤ የሚቀበሉት ሥልጣን ሲመጣ ሁለቱ ተገናኙ፤ ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው የነበሩ ብዙ ያገር ተወላጅ ወታደሮችም እየከዱ ገቡ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ይህን ለመንግሥት ውዳሴ ብዬ አልተናገርሁትም፤ ኃይሉ የአርበኞቹ ነበረ፤ ያለ እነርሱ ያ ሰንደቅ ዓላማ ጨርቅ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

አሁን ቀደም ብዬ ወደ ተውሁት ነገር እመለሳለሁ፤ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ኃይልን የሰየሙት መቻል ከሚለው ግስ ነው ብዬ ነበር። በግእዝ ይህ ግስ «ክህለ» ነው፤ ከእርሱም ክሂሎትና ከሃሊ ይወጣሉ፤ ትግርኛ «ከኣለ» ይለዋል፤ አማርኛ ደግሞ በረጅም ዘመን አፉ አለስልሶት «ቻለ» አደረገው። ስለዚህ «ፓወር» የሚለው ቃል በመነሻ ትርጓሜው የሚመስለውን በአማርኛ ቢፈልግ፣ የሚያገኘው ኃይልን ወይም ሥልጣንን ሳይሆን ቻለን ነው። ላቲኖች እግዚአብሔርን «ኦምኒፖቴንስ» ሲሉ በዚሁ «ፖሴ» ነው፤ እኛም ሁሉን ቻይ እንላለን፤ ቃል በቃል አንድ ነው።

በአንድ ነገር ግን አንድ አይደሉም። በላቲንም በእንግሊዝኛም መቻል ማድረግ መቻል ነው፤ በአማርኛ ቻለ ሁለት ፊት አለው። የሠራውንም ቻለ እንላለን፣ የተሸከመውንም ቻለ እንላለን፤ ቻይ ሰው ማለት ክፉ ነገር ሲደርስበት የሚታገሥ ነው። ይህን የቋንቋ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ ወደ ሰሊጡ ማሳ ልውሰዳችሁ። ገዳሪፍ ላይ ትራክተር ሰፊውን ሜዳ ማረስ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለሠራዊታቸው ማሽላ በፈለጉበት ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ እርሻው በሞተር ይታረሳል። የሰሊጥ አጨዳ ግን ዛሬም በአብዛኛው የእጅ ነው፤ የሰሊጥ ፍሬ ከረጢቱ ደርቆ ሲከፈት በመሬት ላይ ይረግፋልና፣ ሳይደርቅ በማጭድ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ሂላ በሚባል ክምር ቀጥ ብሎ ቆሞ ፀሐይ ይጠብቃል፤ ሲደርቅም እያንዳንዱ ነዶ ሳይናወጥ ተነሥቶ በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይመታል። ይህን የሚሠራው ሳሉጉ ነው፤ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ፣ ከወሎም ወርዶ በማያውቀው ሙቀት ውስጥ የሚቆም ወጣት። የማሳው ባለቤት ኮንትራቱን ሲሰጠው «ትችለዋለህ?» ይለዋል፤ እርሱም «እችለዋለሁ» ብሎ ማጭዱን ይቀበላል። ጥያቄው ስለ ሥራው ነው፤ መልሱ ግን ሥራውንም፣ ሙቀቱንም፣ የወባውን ወራት፣ ካላዛር የምታስይዘውን የአሸዋ ዝንብ፣ የገንዘቡን መዘግየትና የቤተሰቡን ናፍቆት ጨምሮ ነው። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ የገባበትን ሁሉ ጠያቂው ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ያን ልክ የሌለውን ሸክም ለደመወዙ መለኪያ አድርጎ ሊቆጥረው ይገባው ነበር። እኔ እንደማምነው፣ የሳሉጉ ጉልበት ብቻ ተመዝኖ መቻሉ ሳይመዘን የሚቀርበት ሒሳብ ትክክለኛ ሒሳብ አይደለም።

በዚህ ጉባኤ መምህራን ስላላችሁ አንድ ነገር ለእናንተ ነው። ለልጆቻችን «ፓወር» ማለት ኃይል ነው ብላችሁ አንድ መስመር ጽፋችሁ አትለፉ። ስለ ሞተር ሲነገር ጉልበት ይባል፣ ስለ ሽቦው ኃይል፣ ስለ ሹመቱ ሥልጣን፣ ስለ ሰው አእምሮ ችሎታ፤ ከሁሉ በፊት ግን ቃሉ በመነሻው መቻል እንደ ነበረ ንገሯቸው፤ መቻልም በእኛ አፍ ምን ምን እንደሚያካትት ከሰሊጡ ማሳ ከሚመለሱት አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ጠይቀው ይምጡ።